ያረጀ ባለ ክንድ ሾክ አብዞርበር፦ ዘይት መሙላት፣ ማሳደስ ወይስ በቴሌስኮፒክ መቀየር?

መኪናችሁ የድሮ እንግሊዛዊ ከሆነች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ከፊት ጎማው ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ሳጥን የሚመስል የአሉሚኒየም ዕቃ አለ። ዙሪያው ዘይት ያዣል። ዘይቱ ላይ አቧራ ተጋግሯል። ጉብታ ስታልፉ መኪናዋ አንዴ ወርዳ ቀጥ አትልም፤ ሁለት ሦስቴ ትዘላለች።

መካኒክ ስትጠይቁ አንዱ "ዘይት ጨምርበት፣ ይበቃዋል" ይላችኋል። ሌላው "የታደሰ ግዛ" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ይሄን አውልቀህ ጣለውና እንደ ዛሬ መኪና ቴሌስኮፒክ ግጠምበት" ይላል፤ ቴሌስኮፒክ የሚባለው እየገባና እየወጣ የሚሠራው ረጅሙ ቱቦ ሾክ ነው። ሦስቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ሦስቱም ገንዘብ የሚያስበሉበት ጊዜ አለ።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ የ1971 (እ.ኤ.አ.) ኤምጂቢ የምትባል እንግሊዛዊ ስፖርት መኪና አለችኝ። ሦስቱንም ምክር በየተራ ሰምቼ በየተራ ከፍዬበታለሁ። ሁሉንም ካለፍኩ በኋላ የገባኝ አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "የትኛው ይሻላል?" ሳይሆን "ያለቀው ምኑ ነው?" ነው። ዘይቱ ነው? ኦይል ሲሉ (ዘንጉ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) ነው? ወይስ ዘንጉ የሚዞርበት ቀዳዳ? መልሱ ሲታወቅ ከአማራጮቹ ግማሾቹ ራሳቸው ይወድቃሉ።

ምሳሌዬ ኤምጂቢ የሆነችው ስላለችኝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን ውስጥ ተሠርታለች። ቁጥሯ ከግማሽ ሚሊዮን ያልፋል፤ አብዛኞቹም አሜሪካ ገብተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከፊትም ከኋላም የተገጠመላት አርምስትሮንግ የሚባለው ባለ ክንድ ሾክ ነው። ሞሪስ ማይነር፣ ኤምጂኤ፣ ኤምጂ ሚጅት፣ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የትሪምፍ ቲአር 6 የኋላውም እንዲሁ ባለ ክንድ ነው። አዲስ አበባ ላይ የ60ዎቹን ወይም የ70ዎቹን ፎልክስ የምትነዱ ግን ይህ ችግር የእናንተ አይደለም። የእናንተው ሾክ ረጅሙ ቱቦ ነው፤ ሲያልቅ አውልቆ አዲስ መግጠም ነው።

ክንዱ ምን ይሠራል?

ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ክንዱ አብሮ ይወዛወዛል። ክንዱ ከአንድ የብረት ዘንግ ጋር ተያይዟል። ዘንጉ ሳጥኑ ውስጥ ሲዞር ሁለት ትንንሽ ፒስተኖችን ያንቀሳቅሳል። ፒስተኖቹ ያሉት ዘይት ውስጥ ነው። ዘይቱ ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው የሚያልፈው በሞላ በተያዘች ቫልቮላ በኩል ነው። መንገዷ ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ እየታገለ ነው የሚያልፈው። መኪናዋ እንደ ኳስ እየነጠረች እንዳትቀጥል የሚያደርጋት ይህ ትግል ነው።

ክንዱ ረጅም ነው፤ የፒስተኖቹ ጉዞ ግን አጭር ነው። ስለዚህ ውስጥ ያለው ግፊት ከባድ ነው። የሚይዘው ዘይት ደግሞ ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ጥቂት ዘይት ሲጎድልበት ወዲያው መንገድ ላይ የሚታወቀው።

አሁን ዋናው ነገር። ኤምጂቢ ላይ የፊቱ ክንድ ሾክ ብቻ አይደለም። ጎማውን ከላይ በኩል ይዞ የሚያቆመው ራሱ ነው፤ ሌላ የላይኛ ክንድ የለም። ሞሪስ ማይነርም ላይ እንደዚያው ነው። ፍሬን ስትይዙና ስትታጠፉ የሚመጣው ኃይል በዚያ ዘንግ በኩል ያልፋል። የኋላው ግን ሌላ ነው። የኋላውን አክስል የሚይዘው ባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ሞላ) ነው፤ ሾኩ በአጭር ማገናኛ ተያይዞ ማርገብ ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ የፊቱና የኋላው አንድ ውሳኔ አይደሉም። ይህን ሳያውቁ "አራቱንም ቀይርልኝ" የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም ብዬ ነበር።

የሚያልቀው ለምንድን ነው? የብረት ዘንጉ የሚዞረው በቀጥታ በአሉሚኒየሙ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ብረት ጠንካራ፣ አሉሚኒየም ለስላሳ። የዘንጉ ጫፍ ወደ ውጭ ስለሚታይ ጭቃና አሸዋ ያገኘዋል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተን ጨው አለ። ሃምሳ ዓመት ሲወዛወዝ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ዘንጉም ይቦረቦራል። ያኔ ዘንጉ መላወስ ይጀምራል። የሚላወስ ዘንግ ላይ የትኛውም ኦይል ሲል ዘይት አይዝም። ሰው ሁሉ ሲሉን ይወቅሳል፤ ሲሉ ግን ብዙ ጊዜ ተጎጂ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ

አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ የማውቃቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። ሾኩን አሞርዛተር ነበር የሚሉት፤ ቃሉን ከጣሊያኖቹ ነው የወረስነው። ደንበኛ "አሞርዛተሩ አልቋል ጋሼ" ሲላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "ቆይ እስቲ ልጄ፣ መጀመሪያ ጎሚኒውን እንየው።" ጎሚኒ የሚሉት መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያለውን ጎማ ነው፤ ምክራቸው ለእነዚህ መኪኖች ልክ የተሰፋ ነው።

ከኋላ "ኳ ኳ" የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያ ማገናኛውን እዩ። ጫፎቹ ላይ ያለው ጎማ ሲቀደድ ሾኩ ራሱ የሞተ ይመስላል። ማገናኛው ለብቻው ይገዛል፤ ዋጋውም ከሾኩ ጋር አይወዳደርም። ከፊት ደግሞ ክንዱ ጫፍ ላይ ያሉትን ጎሚኒዎች እዩ። ቀጥሎ ኪንግ ፒኑን (መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበትን ቋሚ ፒን)፤ ግሪስ ሳያገኝ የከረመ ኪንግ ፒን የሚያመጣውን መወዛወዝ ብዙ ሰው በሾኩ ያሳብባል።

ከዚያ የዘንጉን ነገር አጣሩ። ሳጥኑን ከጭቃው አጽዱና አንድ ሰው ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቅንቅላችሁ። እናንተ ዘንጉ ከሳጥኑ የሚወጣበትን ቦታ በባትሪ እያያችሁ ጣታችሁን አስጠጉ። ዘንጉ መዞር እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ የለበትም። ከሄደ ቀዳዳው ሰፍቷል። ያ ሾክ በዘይት አይድንም።

የመጨረሻው ፈተና አውልቆ ሞርሳ (ዕቃ አጥብቆ የሚይዝ መንጋጋ) ላይ ማሰር ነው። ዘይት መያዣው ቀና እንዳለ እሰሩትና ክንዱን ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ። ጤነኛ ከሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይገታችኋል። አንድ ቦታ ላይ ባዶ ሆኖ ቱር ካለ ዘይት ጎድሎታል ወይም አየር ገብቶበታል። ዘይት ሞልታችሁ፣ ደጋግማችሁ አወዛውዛችሁ፣ ባዶው ቦታ ካልጠፋ ችግሩ ውስጥ ነው። በእጅ ጭራሽ አልንቀሳቀስ ካለ ፒስተን ነክሷል ወይም የተሰበረ ነገር አለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የኤምጂቢን የፊት ሾክ ማውለቅ እንደ ኋላው አይደለም። ከሥር የታመቀ ሞላ አለ። የላይኛው ክንድ ሲፈታ ሞላውን የሚይዘው ነገር ይጠፋል። መኪናዋን በካቫሌቶ (በመደገፊያ እግር) ደግፉ፤ ከዚያ ሞላው የተቀመጠበትን የታችኛውን ሳህን በክሪክ ደግፉ፤ ክሪኩን ሾኩ ተመልሶ እስኪታሰር ድረስ አትንኩ። የጎማው ማቀፊያም በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በሽቦ እሰሩት። ይህን ብቻችሁን አድርጋችሁ የማታውቁ ከሆነ ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ይሁን። የተፈታ ሞላ እጅ ይሰብራል።

በምን እንመዝን?

እኔ አምስት ነገር ነው የማየው። አንደኛ፣ ያለቀውን ነገር በትክክል ይጠግናል ወይስ ምልክቱን ብቻ ይሸፍናል? ሁለተኛ፣ ፊት ለፊት ከሆነ ጎማውን የሚይዘው ክንድ ጠንካራ ሆኖ ይቀራል? ሦስተኛ፣ ነገ ሐሳቤን ብቀይር መመለስ ይቻላል? ሻንሲ የሚበሳ ወይም ብየዳ የሚጠይቅ ነገር ለእኔ ትልቅ ነጥብ ያስቀንሳል። አራተኛ፣ ሙሉው ወጪ። ሾክ በጥንድ ነው የሚቀየረው፤ መላኪያው አለ፣ አሮጌው ሳጥን እስኪመለስ የሚያዝ ማስያዣ ገንዘብ አለ። አምስተኛ፣ አነዳዱ። መኪናዋ ስትሠራ ለስላሳ ነበረች፤ ልስላሴዋን ትፈልጋላችሁ ወይስ ጠጠር ማለቷን?

ዘይት መሙላትና መቀየር

በጣም ርካሹ ነው። ዘንጉ የማይላወስ፣ ሳጥኑ ደረቅ የሆነ፣ ግን የሰነፈ ሾክ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ለብዙ ዓመት ማንም ከፍቶት የማያውቅ ሾክ ውስጥ የሚገኘው ዘይት ጥቁርና ወፍራም ነው። አፍስሶ፣ አጥቦ፣ አዲስ መሙላት ብቻውን የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

የፋብሪካው መመሪያ የሚያዝዘው የአርምስትሮንግ ቁጥር 624 የሚባለውን ቀጭን ዘይት ነው። እሱ ከሌለ ጥሩ የማዕድን ዘይት፣ ደረጃው SAE 20W የሆነ፣ ይፈቅዳል፤ በጣም ለሚቀዘቅዝ አገር ግን አይሆንም ይላል። ዛሬ ብዙ ባለቤቶች የሞተር ሳይክል የፊት ሹካ ዘይት ወይም የሃይድሮሊክ ክሪክ ዘይት ይሞላሉ፤ እኔም የሹካውን ነው የምጠቀመው። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም አታስገቡ። ለማዕድን ዘይት የተሠራውን ሲል ያሳብጠዋል።

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን በብሩሽና በነዳጅ አጽዱ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቫልቮላዋ ላይ ከተቀመጠች ልፋታችሁ ከንቱ ነው። እስከ አፉ ድረስ አትሙሉት፤ ዘይቱ ሲሞቅ የሚሰፋበት ትንሽ አየር ከላይ ይቅር። አየሩን ለማስወጣት ክንዱን ሙሉ ጉዞውን ደጋግማችሁ አወዛውዙ፤ ይህ ደግሞ ሾኩ ከመኪናው ወርዶ ሲሆን ነው የሚመቸው።

ወፍራም ዘይት ቢሞላበት መፍሰሱ ይቀንሳል የሚባል ነገር አለ። እውነት ነው፣ ትንሽ ይቀንሳል። ግን ቫልቮላዋ የተለካችው ለቀጭኑ ነው። ጠዋት በብርድ መኪናዋ ድንጋይ ትሆናለች፤ ሲሞቅ ደግሞ ተመልሳ ትልፈሰፈሳለች። ለመሸጥ የቀረበች አሮጌ መኪና ላይ ሾኩ ደርቆ ከታያችሁ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ።

ሲል ብቻ መቀየር

በቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር ነው፤ አልመክረውም። ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። የተቦረቦረ ዘንግ አዲሱን ሲል በአጭር ጊዜ ይበላዋል። በዚያ ላይ ሲሉ ጋ ለመድረስ ክንዱ መውጣት አለበት። ክንዱ ዘንጉ ላይ ያለው አቀማመጥ የተለካ ነው። ትንሽ ዞሮ ከተመለሰ ፒስተኖቹ የሚሄዱበት መሐል ይዛባል። ፋብሪካውም የፊቱን ክንድ ባለቤቱ እንዲያወጣ አይፈልግም ነበር።

የታደሰ ሾክ በለውጥ መግዛት

ለአብዛኛው ሰው መልሱ ይህ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚታለልበት።

አሮጌውን ትልካላችሁ፣ የታደሰ ይሰጣችኋል። ሆኖም "የታደሰ" የሚለው ቃል ሁለት የተለያየ ሥራ ይሸፍናል። አንደኛው ሳጥኑን አጥቦ፣ ሲል ቀይሮ፣ ዘይት ሞልቶ፣ ቀለም መቀባት ነው። ሁለተኛው ሳጥኑን ማሽን ላይ አስሮ፣ የሰፋውን ቀዳዳ አስፍቶ ክብ ማድረግ፣ የነሐስ ቡሺንግ (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) ወይም ሌላ ተሸካሚ ማስገባት፣ ዘንጉን ማስተካከል ወይም መቀየር፣ ከዚያ ዘመናዊ ባለ ከንፈር ሲል መግጠም ነው። ሁለተኛው መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበረው የተሻለ ነው፤ ፋብሪካው ያላስገባውን ቡሺንግ አስገብቷል። ሁለቱ ፎቶ ላይ አንድ ናቸው። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ።

የመጀመሪያዬን ጥንድ የገዛሁት በፎቶ ነው። ስሙን ከማልጠቅሰው ሻጭ። ጥቁር ቀለሙ መስታወት ይመስል ነበር። አንድ በጋ ሳይሞላ የግራው ማልቀስ ጀመረ። አውልቄ ክንዱን ስነቀንቀው ዘንጉ እንደ ድሮው ይላወሳል። ቀለም ነበር የገዛሁት። በጣም የቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ሚስቴንና ልጄን አስቀምጬ አውራ ጎዳና ላይ የነዳሁበት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ቀዳዳው ላይ ቡሺንግ ይገባል? ከምን የተሠራ? የዘንጉ ነገርስ፣ ይስተካከላል ወይስ የነበረው ይመለሳል? ዋስትናው ለስንት ዓመት ነው፤ መፍሰስንስ ይጨምራል? የእኔኑ ሳጥን ነው የምትመልሱልኝ ወይስ ሌላ? ሥራውን የሚያውቅ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ከጠየቃችሁትም በላይ ያብራራል። "ጥራቱ አንደኛ ነው" ብቻ ከሆነ መልሱ ተውት።

ዕቃው ሲደርስም ወዲያው አትግጠሙ። ሞርሳ ላይ አስራችሁ ያንኑ ፈተና ፈትኑት። ዘንጉ ይላወሳል? ግታቱ እኩል ነው? ግራና ቀኙስ ይመሳሰላሉ? አንድ ሌሊት ንጹሕ ካርቶን ላይ ቀና አድርጋችሁ አቁሙት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ዘይት ካለ መልሱት።

ሲገጠም የፊቱ በአራት ብሎን ከፊተኛው ተሻጋሪ ብረት ጋር ይታሰራል። ማጥበቂያው ከ58 እስከ 61 ኒውተን ሜትር ነው። የተሻጋሪው ብረት ጥርስ በእነዚህ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የተበላ ነው፤ ብሎኑ እየዞረ ካልጠበቀ ጥርሱን አሠሩት እንጂ እንዳለ አትተዉት። ጎማውን የያዘው እሱ ነው።

ከተቆራረጠ መኪና የወጣ ወይም መደርደሪያ ላይ የከረመ

ከተቆራረጠ መኪና የወጣ ሾክ የእናንተው ሾክ ዕድሜ አለው። ለለውጥ የሚሰጥ ሳጥን ከሌላችሁ ለእሱ ብቻ ግዙት። ካርቶኑ ሳይከፈት አርባ ዓመት የተቀመጠ አዲስ ሾክም ያጓጓል፤ ሲሉ ግን በተቀመጠበት ይደርቃል። ቀዳዳው ያልተነካ ስለሆነ ለማሳደስ ግሩም መነሻ ነው። እንዳለ ለመግጠም ግን አልደፍርም።

ቴሌስኮፒክ ከኋላ

ከኋላ ሲሆን ሐሳቡ ንጹሕ ነው። ጥሩው ኪት የድሮው ሾክ የታሰረበትን ቀዳዳ ተጠቅሞ ማቀፊያ ብረት ያስራል፤ ታችኛው ጫፍ ባሌስትራው አጠገብ ይያያዛል። ሻንሲ አይበሳም። አሮጌውን አስቀምጣችሁ ነገ መመለስ ትችላላችሁ። ዘይቱ ብዙ ስለሆነ በረጅም መጥፎ መንገድ ላይ ቶሎ አይሞቅም። ሲያልቅም በቀላሉ ይገኛል።

ችግሩ ብዙዎቹ ኪቶች ጠጣር መሆናቸው ነው። የኤምጂቢ የኋላ ባሌስትራ ራሱ ልስልስ አይደለም፤ በዚያ ላይ ጠጣር ሾክ ሲጨመር በትንሽ ጉድጓድ ሁሉ ወገባችሁን ይመታችኋል። ጥንካሬው የሚስተካከል ዓይነት ካገኛችሁ ከልስላሴው ጀምሩ። ርዝመቱንም አረጋግጡ። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ሾኩ ተወጥሮ መቆም የለበትም፤ መኪናዋ ሙሉ ተጭና ስትወርድም ጫፉ መምታት የለበትም። ዝቅ የተደረገች መኪና ከሆነች ይህ የበለጠ ያሳስባል። የጭስ ማውጫው ቱቦ እንዳይነካውም እዩ።

ቴሌስኮፒክ ከፊት

እዚህ ላይ ነው ጠንቀቅ ማለት ያለባችሁ። አሮጌውን ሾክ አውልቆ መጣል አይቻልም፤ ጎማውን የያዘው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ኪት አለ።

የመጀመሪያው አሮጌውን ሳጥን እንደ ማጠፊያ ብቻ ያስቀረዋል። ቫልቮላዋ ትወጣለች፣ ማርገቡን አዲሱ ቱቦ ይሠራል። ዋጋው መካከለኛ ነው። ነገር ግን አስቡት፤ ያ የሰፋ ቀዳዳ፣ ያ የሚላወስ ዘንግ እዚያው ነው ያለው። የገዛችሁት አዲስ ሾክ የጎማውን መላወስ አይነካውም። አንዳንዱ ገጣሚ ደግሞ ዘይቱንም ያፈሰዋል፤ ያኔ ዘንጉ ደርቆ ይዞርና ያለቀው ጨርሶ ያልቃል። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ሳጥኑ ጤነኛ ወይም ቡሺንግ የገባለት ይሁን፣ ዘይትም ይኑረው። እዚህ ከደረሳችሁ ግን እኔ የምጠይቃችሁ አለ። ሳጥኑን ካሳደሳችሁት፣ ሌላውን ለምን ትገዛላችሁ?

ሁለተኛው ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ አዲስ የላይኛ ክንድ ያስገባል። ይህ እውነተኛ መፍትሔ ነው፤ ያለቀው ነገር በሙሉ ይወጣል። ከሁሉም ግን ውዱ ነው። የጎማውን አቀማመጥ ስለሚቀይር ከገጠማችሁ በኋላ አላይመንት ማሠራት ግድ ነው። ፈጥኖ ለሚነዳ፣ ትራክ ላይ ለሚወጣ ሰው ይገባዋል። እሁድ እሁድ ቤተሰብ ይዞ ለሚወጣ ሰው ግን የወጪውን ያህል አይሰጠውም።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | የሚፈታው | የማይፈታው | ወጪ | ወደ ነበረበት መመለስ |
|---|---|---|---|---|
| ዘይት መቀየር | የተበላሸ ወይም የጎደለ ዘይት | የሰፋ ቀዳዳ | በጣም ትንሽ | ጥያቄ የለውም |
| ወፍራም ዘይት | ለጊዜው መፍሰስን ይቀንሳል | ሁሉንም | በጣም ትንሽ | ይቻላል |
| ሲል ብቻ | ዘንጉ ጤነኛ ከሆነ መፍሰስን | የተቦረቦረ ዘንግ | ትንሽ፣ ድካሙ ብዙ | ክንዱ ቦታውን ካልሳተ |
| ቀለምና ሲል ብቻ የሆነ "እድሳት" | ለጥቂት ወራት መፍሰስን | የሰፋ ቀዳዳ | መካከለኛ | ይቻላል |
| ቡሺንግ የገባለት እድሳት | ቀዳዳ፣ ዘንግ፣ ሲል፣ ዘይት | የሚጠጥር አነዳድ ለሚፈልግ ብቻ | መካከለኛ፣ ከፍ ያለ | እንደነበረ ነው |
| ቴሌስኮፒክ ከኋላ | ማርገብ፣ ሙቀት | ልስላሴ ሊቀንስ ይችላል | መካከለኛ | ሳይበሳ ከተገጠመ |
| ቴሌስኮፒክ ከፊት፣ ሳጥኑ ሳይወጣ | ማርገብ | የክንዱ መላወስ | መካከለኛ፣ ከፍ ያለ | ብዙ ጊዜ ይቻላል |
| ቴሌስኮፒክ ከፊት፣ አዲስ ክንድ | ሁሉንም | አነዳዱ ይለወጣል | ከፍተኛ | ይቻላል፣ ሥራው ብዙ ነው |

ለእናንተ የትኛው?

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ በምርመራው ጀምሩ። ማገናኛና ጎሚኒ ቀይራችሁ፣ ዘይት ቀይራችሁ እዩ። ዘንጉ የማይላወስ ከሆነ በዚያ ብቻ ዓመታት ትነዳላችሁ። የሚላወስ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን ለፊቶቹ ሁለት ቆጥቡ፤ የኋላዎቹ ትንሽ ቢቆዩ መኪናዋ ትዘላለች እንጂ ጎማዋ አይላወስም።

መኪናዋን ኦሪጅናል ይዞ ማቆየት ለሚፈልግ፣ ወይም ለእይታ ለሚያቀርብ፣ አራቱም ቡሺንግ የገባላቸው ይሁኑ። ሌላ አትፈልጉ።

ረጅም መንገድ ለሚነዳ የእኔ ምርጫ ከፊት ቡሺንግ የገባለት፣ ከኋላ ደግሞ በልስላሴው የተስተካከለ ቴሌስኮፒክ ነው። የኔዋም ዛሬ እንደዚያ ናት። አንዳንድ የኦሪጅናል ወዳጆቼ የኋላውን ሲያዩ ፊታቸው ይቀየራል፤ የድሮዎቹ ግን ዘይት ተሞልተው፣ በጨርቅ ተጠቅልለው ጋራዤ መደርደሪያ ላይ አሉ።

ለውጥ በማይደረስበት አገር ላላችሁ፣ አገር ቤትም ይሁን ገልፍ፣ መላኪያውና ጉምሩኩ ከሾኩ ዋጋ ይበልጥባችኋል። የሞሪስ ማይነር ባለቤት አዲስ አበባ ላይ ቢጠይቀኝ ጥሩ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ያለው ባለሙያ ፈልግ እለዋለሁ። ሥራው ከእጁ በላይ አይደለም፤ ቀዳዳውን ማስፋት፣ የነሐስ ቡሺንግ መቅረጽ፣ በመጠኑ የሚገኝ ባለ ከንፈር ሲል ማስገባት። ሦስት ነገር ግን አስጠንቅቁት። ክንዱ ከመውጣቱ በፊት ዘንጉና ክንዱ ላይ አንድ ላይ የሚገጥም ምልክት ይመታ። ዘንጉ የሚያልፍባቸው ሁለቱ ቀዳዳዎች ሳጥኑ ከማሽኑ ሳይፈታ በአንድ አሠራር ይሰርሰሩ፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ከዞረ ዘንጉ ይነክሳል። ፒስተኖቹም ሲወጡ የግራው ወደ ግራ፣ የቀኙ ወደ ቀኝ ይመለሱ።

የትኛውንም ብትመርጡ አሮጌውን ሳጥን አትጣሉ። አሉሚኒየም አቅልጦ አዲስ ሳጥን የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። የተሰነጠቀ ካልሆነ፣ ምንም ያህል ቢያልቅ፣ ቡሺንግ ገብቶለት ይመለሳል። ዘይቱን አፍስሱ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ "ፊት ግራ" ወይም "ፊት ቀኝ" ብላችሁ ጻፉበትና አስቀምጡት።